ማዶ ለማዶ

አባቴ አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንለትም። ምሳ እየበላ እንኳ ሦስት ጊዜ ተነስቶ ደጅ ይወጣል። እናቴ «ይኼ ሰውዬ መቀመጫው ላይ እሾህ አለበት» ትላለች። ሥራው ነው እንዲህ ያደረገው። ከላይኛው መንደር የመጣውን መልእክት ኮረብታችን ጫፍ ላይ ቆሞ ከወንዙ ባሻገር ይጣራል፤ እዚያ ያለው ጠሪ ተቀብሎ ቁልቁል ወንዝ ዳር ለምናርሰው ያደርሳል። ሸለቆው ውስጥ ኔትወርክ የሚባል ነገር ስለሌለ ስልክም ሥራቸውን አልነጠቃቸውም። ሃያ ዓመት ሙሉ እርስ በርስ «ማዶ» ነው የሚባባሉት። አባቴ ሲጣራ እጁም አያርፍ፤ ለስብሰባ ወደ ላይ ያነሳዋል፣ ከብት ሲጠፋ ወደ ጎን ይዘረጋዋል፣ ለጎርፍ ደግሞ ፎጣውን አናቱ ላይ ያሽከረክራል።

ያን ጠዋት አገሩን ጉም ውጦታል። እኔ ከባሌና ከሁለቱ ልጆቼ ጋር ወንዝ ዳር ድንች እየቆፈርኩ ነበር። አባቴ ጋ «ወንዙ ሞልቶ እየመጣ ነው!» የሚል ጥሪ ደረሰ።

«ማዶ! ኧረ ማዶ!»

 አሥር ጊዜ ተጣራ፤ «ወዬ» የሚል ጠፋ።

«ሞቶ ይሆን እንዴ?» አለች እናቴ።

«አፍሽን ዝጊ! ልጄ እታች ናት!»

እኛ ማሳ በእግር ለመድረስ ገደሉን ዞሮ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ የማዶው ኮረብታ ግን ቅርብ ነው። እናቴ «ወንዝ ሊሞላ ነው እያልክ ወንዝ ትገባለህ? አብደሃል!» እያለች ስትጮህ ቁልቁል ተንደረደረ። ውሃው ገና ጉልበቱ ድረስ ስለነበር ተሻገረ።

የማዶው ጠሪ ደጁ ቁጭ ብሎ ተረጋግቶ ገመድ ይገምዳል።

«ምን ነካህ አንተ! ጉሮሮዬ እስኪላጥ ስጣራ!»

ሰውየው ደንግጦ አፍ አፉን ያየው ጀመር። «ጆሮዬ ከሄደ ሁለት ዓመቱ ነው» አለ። «እጅህን እያየሁ ነበር የማስተላልፈው። ዛሬ ጉሙ ጋረደህ።»

አባቴ የሚቆጣበት ጊዜ አልነበረውም። ፎጣውን ከአንገቱ ገፎ አናቱ ላይ አሽከረከረ። ሰውየው ወዲያው ወደ ሸለቆው ዞረና «ጎርፍ! ጎርፍ! ውጡ!» ብሎ ለቀቀው።

ልጆቹን በሁለት ክንዴ ታቅፌ፣ ባሌ በሬዎቹን እየነዳ ዳገቱን ወጣን። ድንቹ እንዳለ ቀረ። ብዙም ሳይቆይ ውሃው ማሳውን ዋጠው።

«ወጥተናል! ሁላችንም ደህና ነን!» ብዬ ጮህኩ።

አባቴ ድምፄን ሲሰማ እዚያው ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። ሰውየው ግን መጮሁን አላቆመም፤ አባቴ ተነስቶ ትከሻውን እስኪይዘው ድረስ።

«መለሱ?» አለው ሰውየው።

አባቴ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀለት። ሁለቱም አለቀሱ።

አባቴ ይህን ሲነግረኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ድሮ የማዶው ጠሪ መልእክት በደረሰኝ ቁጥር ከታች ሆኜ «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ!» እለው ነበር፤ እሱም «አሜን» ይለኛል። በኋላ መልስ ሳጣ፣ ይኼ ኩራተኛ ብዬ ማመስገኑን ተውኩት። እሱ ግን ማን እንደሰማው ሳያውቅ ሁለት ዓመት ሙሉ ተጣራልኝ።