የቀይዋ መኪና ሞላ

ሰብስቤ ሁለት ነገር ጠንቅቆ ያውቃል፤ የመኪና ሞላና ቅናት። ሞላውን ፒያሳ አጠገብ በአንድ ሽማግሌ ጣሊያን ጋራዥ ስድስት ዓመት ተንበርክኮ ተማረው። ቅናቱን ግን ማንም አላስተማረውም፤ አብሮት የተወለደ ነው። እኔ መሸሻ፣ አሁን ከከፈተው ጋራዥ ጎን የምሠራው አናጢ፣ ሁለቱንም በቅርብ አውቃለሁ። በ1961 ዓ.ም. ጥር ወር ሲያገባ ሚዜው ስለነበርኩ ደግሞ ከማንም ይበልጥ አውቃለሁ።

የሰብስቤ ጋራዥ ከአስኮ ወደ ኮልፌ በሚያመጣው መንገድ ዳር በቆርቆሮ የተከለለች ግቢ ናት። መኪና ሲመጣለት ነጂውን ምን ሆነች ብሎ አይጠይቅም። የመኪናዋን ጥግ በሁለት እጁ ቁልቁል ተጭኖ ይለቃታል፤ አወዛወዟን አይቶ ከሥር የደከመውን ይነግርዎታል። ታክሲ ነጂዎች ለዚሁ ብለው ከመርካቶ ድረስ ይመጡበታል። እንዲህ ያለ ባለሙያ በሌላውም ነገር ልበ ሙሉ መሆን ነበረበት። አልሆነም።

ያጫት ልጅ ሸዋገነት ትባላለች፤ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች። አባቷ አቶ ተክለማርያም ልጃቸውን ለባለሙያ መስጠታቸው ደስ ብሏቸዋል። ችግሩ ጎረቤታቸው ነበር። መኳንንት ይባላል፤ የኢንሹራንስ ሠራተኛ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ሰላምታው ከወገብ የሚታጠፍ። ያ ልጅ ባለሁለት በር ቀይ መኪና ገዛ። ስትታይ የእሽቅድምድም ትመስላለች፤ እሱ ግን ሥራ ይሄድባታል፣ ገበያ ይወጣባታል። በየጠዋቱም ሸዋገነትንና መርካቶ የሚነግዱትን ሁለት ጎረቤቶቹን፣ እትዬ ብርቅዬንና እትዬ አልማዜን፣ አሳፍሮ ከተማ ያደርሳል። መኪናዋ በጋራዡ በር ስታልፍ ውስጧ አራት ሰው አለ። ሰብስቤ የሚያየው ሁለቱን ብቻ ነው።

እትዬ ብርቅዬ ሰፋ ያሉ ስለሆኑ ከፊት ይቀመጣሉ፤ ሸዋገነት ከኋላ ናት። ይህም አላጽናናውም። በመስታወቱ እኮ ነው የሚያያት ይለኛል፣ መፍቻውን እንደያዘ። ነጂ ኋላውን ካላየ በምን ይነዳል ብለው አይሰማኝም። መስከረም ላይ አንድ ቀን ጨክኖ በአውቶቡስ ብትሄጂ ምናለ አላት። ቀንተህ ከሆነ ቀናሁ በል፣ እተወዋለሁ አለችው። የለም፣ ምን ያስቀናኛል ብሎ ካደ። አንዲት ቃል ቢተነፍስ ኖሮ ይህን ሁሉ ጉድ አናይም ነበር።

ያን ዓመት ክረምቱ መንገዱን ቦርቡሮት ስለነበር የቀይዋ መኪና ሞላ ደከመ። መኳንንት ሁለት ምርጫ ይዞ ወደ ሰብስቤ መጣ። አንዱ መኪናዋ ከፋብሪካ ስትወጣ የነበራት ዓይነት ሞላ ነው፤ ከመለዋወጫ ሱቅ ይገኛል። ሁለተኛው ወዳጁ ከአሥመራ ያመጣለት አጭርና ጠንካራ ሞላ ነው፤ እዚያ መኪና የሚሽቀዳደሙ ልጆች የሚገጥሙት። እኔ ስለዚህ ነገር አላውቅም፣ አንተ ያልከኝን አስገባለሁ አለው።

እኔ ደፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። ሰብስቤ አጭሩን ሞላ ተቀብሎ አገላበጠው። የፋብሪካው ለስላሳና ከፍ ያለ ነው፤ ኩርባ ላይ መኪናዋን ያጋድላታል እንጂ ድንጋዩን ይችላል፣ ሰውም ይሸከማል። አጭሩ መኪናዋን ወደ መሬት ያወርዳታል። አስፋልት ላይ ኩርባውን አጥብቃ ይዛ ትሄዳለች፤ እኛ ሰፈር ድንጋይ ላይ ግን ሰው ከሞላባት ሆዷ መሬት ይፈገፍጋል። ይህን ከሰብስቤ በላይ የሚያውቅ የለም። እሱ ግን የሚያስበው ስለ ሌላ ነበር። ሁለቱ ሴቶች ወገባቸውን ሲያማቸው ይወርዳሉ። እነሱ ከወረዱ አቶ ተክለማርያም ልጃቸውን ብቻዋን ከወንድ ጋር አይልኩም። ሸዋገነት ያኔ ሳትወድ በግዷ አውቶቡስ ትይዛለች።

«እንዳንተ ላለ ወጣት አጭሩ ነው የሚሆነው፤» አለው፣ ፊቱን እንደ ሐኪም ኮስተር አድርጎ።

መኳንንት አመስግኖ ሲወጣ ሰብስቤ የልቡን ነገረኝ። ነውር ነው አልኩት። እንግዲያስ ሂድና ንገረው አለኝ። አልሄድኩም፤ ጓደኛዬ ነው።

ያሰበው ሁሉ ሆነለት። ሳምንት ሳይሞላ እትዬ ብርቅዬ ይቺ መኪና አጥንቴን ለያየችው ብለው ወረዱ፤ እትዬ አልማዜም ተከተሏቸው። ሸዋገነት አውቶቡስ ያዘች። ሰብስቤ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ፤ እኔንም ጠጅ ጋበዘኝ። ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው እያልኩ ጠጁን ጠጣሁለት።

ጥር መጣ፣ የሠርጉ ቀን ደረሰ። ሰብስቤ ከደንበኞቹ አንዱን ለምኖ ሰፊ ጥቁር መኪና አዘጋጅቶ ነበር። አቶ ተክለማርያም ግን እምቢ አሉ። የሰፈራችን ልጅ እንዲህ ያለች መኪና እያለችው ልጄ በማናውቀው ሰው መኪና አትወጣም አሉ። ሰብስቤ ምን ይበል? መኪናዋ ሰው አትሸከምም ቢል ማን እንዲህ አደረጋት ሊባል ነው። የገዛ ምክሩ አፉን ያዘው።

ሙሽሮቹ ከኋላ፣ እኔ ከመኳንንት ጎን ሆነን ተነሣን። አጃቢው በጭነት መኪና ላይ ሆኖ እየዘፈነ ይከተለናል። ገና ከሰፈሩ ሳንወጣ ሆዷ አንድ ጊዜ ድንጋይ ነካ። ወንዙ አጠገብ ያለው ኮረኮንች ላይ ስንደርስ ከሥር ብረት በድንጋይ ሲፈገፈግ የሚሰማ ድምፅ ወጣ፤ መኳንንት ፍሬን ያዘ። በሐፍረት የቀላ ፊቱን ወደ ኋላ መልሶ፣ ይቅርታ፣ ሰው ካልቀነስን ድንጋዩ ዘይት ቋቷን ይበሳዋል አለ። እኔ ወረድኩ። ትንሽ ሄዳ እንደገና ነካች።

ሸዋገነት ቬሎዋን ሰብስባ ልትወርድ ስትል እትዬ ብርቅዬ ከጭነት መኪናው ላይ ጮኹ። ሙሽራ ከአባቷ ቤት ወጥታ የባሏን ደጃፍ ሳትረግጥ እግሯ መሬት አይነካም፤ ሚዜው ይዘላት አሉ። ወጉ ነው፤ ሚዜ ለምን መጣ? ጀርባዬን አዘጋጅቼ ቀረብኩ። ሰብስቤ ዓይኑን አፈጠጠብኝ። እኔ ሚዜው፣ ጠጁን የጠጣሁለት፣ በእኔም ቀና። አትነካትም አለኝና ራሱ ወረደ። ሃያ እርምጃ መስሎት ነበር።

ኮረኮንቹ እስከ ቤቱ ደጅ አላበቃም። ቀይዋ መኪና ቀለል ብሏት፣ ነጭ የለበሰች ሙሽራና ሸሚዙ የተተኮሰ ነጂ ይዛ፣ ቀስ እያለች ሄደች። ጭነት መኪናው ላይ ውጣ ቢሉት ሰብስቤ እምቢ አለ። እጁን ከኋላ ኮፈኗ ላይ አሳርፎ በአዲሱ ሱፍ አቧራውን እየቃመ ተከተላት። ኮልፌ ስንገባ ገበያ የወጡት ሴቶች መኪናዋን ከበው እልል አሉ። አንድ ሽማግሌ በመስኮቱ ጎንበስ ብለው መኳንንትን ከሙሽራዋ ጋር «ውለዱ፣ ክበዱ» ብለው መረቁት። መኳንንት አይ እኔ አይደለሁም ለማለት እጁን ሲያወራጭ እሳቸው ዓይን አፋርነት መሰላቸው፤ ደገሙለት። ሰብስቤ ከኋላ ቆሞ ሰማ። እንደዚያ ቀን ሰው በቅናት ሲቃጠል አይቼ አላውቅም፤ ሳቄም እንባዬም መጣ።

ደጁ ስንደርስ መኳንንት ቀድሞ ወርዶ የሰብስቤን ኮት አራገፈለት። ይቅር በለኝ፣ አንተ የመረጥክልኝ ሞላ ለአስፋልት ነው መሰለኝ አለው፤ ከልቡ ነው ያለው። ሸዋገነት ይህን ሰማች። ባሏን ከእግር እስከ ራሱ አየችው፤ ሁለቱ ሴቶች መቼ እንደወረዱ፣ እሷም መቼ አውቶቡስ እንደያዘች ስታስብ ታየኝ። ዳስ ገብተን ጎን ለጎን ስንቀመጥ ወደ ጆሮው ጠጋ አለች። እኔ አጠገባቸው ስለነበርኩ ሰማሁ።

«አራት ሆነን ስንሄድ አላስቻለህም፤ ሁለት አድርገህ ሸኘኸን።»

ሰብስቤ ቀናሁ አላት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። እሷም ይህን መስከረም ላይ ብትለኝ ኖሮ ሱፍህ አይበላሽም ነበር አለችው።

ሙሽራ ለመልስ እስኪጠራ ከቤት አይወጣም። ሰብስቤ ግን በሦስተኛው ቀን ማለዳ ተነሥቶ የፋብሪካውን ዓይነት ሞላ ከራሱ ኪስ ገዛ፤ ቀይዋን መኪና ጋራዥ አስገብቶ ገጠመላት። ጥጓን ተጭኖ ሲለቃት ቀና ብላ ቆመች። ከሰዓት በኋላ ለመልስ ወደ አቶ ተክለማርያም ቤት በእሷው ሄድን። ሸዋገነት ከኋላ ገባች፤ ለመልስ ሊጠሩን የመጡት እትዬ ብርቅዬ መሐል ሆኑ፣ እኔ ዳር ተጣበቅኩ።

«አንተ ከፊት ተቀመጥ፤ ምንም እንዳያመልጥህ፤» አለችው።

ከመኳንንት ጎን ተቀመጠ። ኮረኮንቹን አምስት ሰው ጭነን አንድም ሳንነካ አለፍነው። ወንዙን ስንሻገር ሰብስቤ እጁን ዘርግቶ መስታወቱን ወደ ራሱ አዞረው። መኳንንት ኋላውን ሳያይ ነድቶ አደረሰን።