በዓይኗ በላችው

ብቸና ውስጥ ያደግሁበት ሰፈር በልቦለድም በግለ ታሪክም ተጽፏል። በብዙዎቹ ውስጥ እኛ ጭቃና የቤተ ክርስቲያን ደወል ብቻ ነን፤ በዚህ አልተቀየምንም። ቤታችንን ያፈረሰው የገዛ ሰፈራችን ልጅ የጻፈው ነው።

ሞባይል ገና ብርቅ በነበረበት ጊዜ፣ አዲስ አበባ የገባው ይኸው ልጅ ልቦለድ አሳተመ። አንድ ቅጂ ብቸና ደረሰና ልብስ ሰፊው ቤት ጮክ ተብሎ ይነበብ ጀመር። መጀመሪያ ሳቅ ነበር፤ «ይቺማ የእኛ አጥር ናት» ይባባላሉ። ከዚያ አንዲት ልጅ ያልወለደች ጎረቤት የሰው ሕፃን ታቅፋ «በዓይኗ በላችው» የሚል ቦታ ተደረሰ። ጥቂት ገጾች አለፍ ሲል ሕፃኑ ይሞታል።

በሰፈራችን ልጅ ያልወለደችው ጎረቤት የእናቴ ታላቅ እህት ናት። የሰፈሩን ሕፃን ሁሉ አዝላለች፣ ጸሐፊውን ጨምሮ።

ሌላ አገር ቢሆን ተነቦ ይታለፍ ነበር። እኛ ዘንድ ግን ቅኔ ቤት ያልዋለ የለም፤ የሱቅ ማስታወቂያ እንኳ ሰምና ወርቁ ሳይለይ አይታለፍም። ከአድማጮቹ አንድ መሪጌታ «ሰሙ ፍቅር ነው» አሉ። «ወርቁስ?» ሲባሉ ተነሥተው ሄዱ። ሰው ሁሉ ወርቁን ለራሱ አወጣ፦ ቡዳ ናት።

እናቶች አክስቴን ሲያዩ ሕፃን ይሸፍኑ ጀመር። ክርስትና ሲደገስም የሚጠራት ጠፋ። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ጸሐፊው ለዘመድ ተዝካር ሲመጣ አክስቴ መንገድ ላይ አስቆመችው።

«ምን በድዬህ ነው?»

«ኧረ እትዬ፣ እርስዎን አላልሁም! ልብ ወለድ እኮ ነው።»

«ልብህስ ወለደ፤ ያሳደገው ግን ሰፈሩ ነው።»

«ግሩም አባባል!» ብሎ ሳቀ። ለሚቀጥለው መጽሐፉ ሳይዘው አልቀረም።

የበኩር ልጄን ስወልድ አክስቴ ቅቤ ይዛ ልትጠይቀኝ መጣች። ገና ከበሩ ስትገባ እናቴ ጋቢውን ሳብ አድርጋ የሕፃኑን ፊት ሸፈነችው። አስባው አይመስለኝም፤ እጇ ነው የቀደማት። እኔ ግን ተናደድሁ። ጋቢውን ገፈፍሁና «እንኪ፣ እቀፊው» አልኋት።

አክስቴ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች።

«ተዪው ልጄ። ነገ ቢያተኩሰው እኔን ነው የምትሉኝ።»

«እኔ አልልሽም!»

«አንቺ ባትጠረጥሪኝ እንኳ፣ እኔው ራሴን እጠረጥራለሁ» አለችና ቅቤውን አስቀምጣ ወጣች።