የአረንጓዴዋ ጽሑፍ እርሻ

ፍኖተ ሰላም ኮምፒውተር አስተምራለሁ። ዘንድሮ ተማሪዎቼን «ኔትወርክ ለቸገረው ሰው እዘኑ» እያልኩ አሰለቸኋቸው። የሚሠሩት ገበሬው የበቆሎ ምርጥ ዘር ለማግኘት የሚመዘገብበት የስልክ መተግበሪያ ነበር። ቡሬ አጠገብ ያለ አንድ ኅብረት ሥራ ማኅበር ሊሞክርልን ተስማምቷል።

«ገበሬው የምትሽከረከር ክብ ላይ አፍጥጦ ለምን ይቆማል?» አልኳቸው። «ገና ቁልፉን ሲጫን ‹ተመዝግበዋል› በሉት። መረጃው ኔትወርክ ሲገኝ በራሱ ይሄዳል። ማዘን ማለት ይሄ ነው!» በንግግሬ እኔው ራሴ ተደሰትኩ።

ለሙከራ ገጠር ወረድን። እዚያ ኔትወርክ ያለው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለችው ጉብታ ላይ ብቻ ነው፤ እሱም ሲፈልግ። ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት ስልካቸውን ይዘው አጠገቤ ቆሙ። ተጫኑት። አረንጓዴዋ ጽሑፍ ወዲያው ወጣች።

«አበቃ?»

«አበቃ እማማ። ከእንግዲህ ማኅበሩ ደጅ መሰለፍ ቀረልዎ።»

«እሰይ፣ ዕድሜ ይስጥህ የኔ ልጅ» አሉና ካርዱ እንዳይበላባቸው ዳታውን ዘግተው ስልኩን በፌስታል ጠቅልለው ጉያቸው ከተቱት። እያየሁ ነው። እናቴም ደምበጫ ሆና እንዲሁ ነው የምታደርገው፤ አገሬው ሁሉ እንዲሁ ነው የሚያደርገው። ግን ምንም ትዝ አላለኝም።

ክረምቱ ከገባ በኋላ ተመልሰን ሄድን። የማኅበሩ ዕቃ ቤት ጠባቂ የሴትዮዋ ስም እንዳልደረሰው፣ ዘሩም ተከፋፍሎ እንዳለቀ ነገረን። እሳቸው ቀርበው አልጠየቁም፤ አይሰለፉ ብያቸዋለሁዋ። የጎረቤቶቻቸው በቆሎ ጉልበት ደርሷል። የእሳቸው እርሻ ላይ እዚህም እዚያም የሳሳ ቡቃያ ቆሟል፤ ለመብል ያስቀመጡትን እህል ነው የዘሩት። የዓመት ቀለባቸው እሱ ነው። የምገባበት ጠፋኝ።

ስልካቸውን ተቀብዬ ከፈትኩት። ምዝገባው ሳይላክ እዚያው ተቀምጧል።

አንዱ ተማሪ ምን እንደተፈጠረ ጠየቃቸው። መጀመሪያ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ እሱን።

«መምህራችሁ ምን ያርግ ብላችሁ ነው? የኔው ጣት ነው። በዶማ የደረቀ ጣት፣ ሳልጫነው ቀርቼ ይሆናል እንጂ።»

ልጁ ከስልኩ ቀና ሳይል «የተጠቃሚ ስህተት ብዬ ልመዝግበው ቲቸር?» አለኝ።

«አይደለም!» ብዬ ጮህኩ። «ተጭነዋል፤ አጠገባቸው ነበርኩ። ሳይላክ ‹ተመዝግበዋል› በሉ ያልኳችሁ እኔ ነኝ። አይሂዱ ያልኳቸውም እኔ ነኝ።»

ሴትዮዋ ደነገጡ። ክንዴን ይዘው ወደ እርሻቸው ዳር ሳብ አደረጉኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተቆጡኝ።

«ተው እንጂ አንተ! ተማሪዎችህ ይሰማሉ።»