የእናቴ መዳፍ በባነር ላይ

ቂም መያዝ እችልበታለሁ። አምስተኛ ክፍል ሳለሁ እርሳሴን የሰበረችብኝን ልጅ ዛሬ ጀሞ ገበያ ውስጥ ባገኛት ከሰላምታው በፊት ትዝ የሚለኝ እርሳሱ ነው። እናቴ ይህን ጠባዬን ከአባቴ ወገን ነው ትላለች፤ የአባቴ ወገኖች ደግሞ ከእሷ ነው ይላሉ። ከየትም ይምጣ፣ ያ ምግብ ቤት በእናቴ ላይ የሠራውን ሳይ ዝም እንደማልል የሚያውቀኝ ሁሉ ሊገምት ይችል ነበር።

ያየሁት ከታክሲ መስኮት ነው። መስከረም ውስጥ፣ ጠዋት፣ ጀሞ ወደሚገኘው ሥራዬ እየሄድኩ ነበር። የምሠራው እዚያ ካሉት ትምህርት ቤቶች በአንዱ፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። ታክሲያችን ለቡ ላይ መንገድ ተዘግቶበት ቆሟል፤ ረዳቱ ከሹፌሩ ጋር ስለ ኳስ ይከራከራል። ቀና ስል ከምግብ ቤቱ ፎቅ እስከ በረንዳው ድረስ የሚወርድ ትልቅ ባነር ተሰቅሏል። ባነሩ ላይ ያለችው እናቴ ናት። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቀኝ እጇን ዘርግታ፣ መዳፏን ወደ ላይ አድርጋ። ከፊቷ የምግብ ቤቱ ባለቤት በነጭ ሸሚዝ ጭልፋ ይዞ ፈገግ ብሏል። ከበላያቸው በትልልቁ «እጃቸውን ሲዘረጉ አለንላቸው» ይላል። ከሥር ደግሞ ደንበኛ ከሚበላው ከእያንዳንዱ ምግብ ላይ ለተቸገሩ አረጋውያን እንደሚለገስ ተጽፏል።

ምግብ ቤቱ ሦስት ቅርንጫፍ አለው፤ አንዱ ለቡ፣ አንዱ ጀሞ፣ አንዱ ወደ ሃና ማርያም መሄጃ። በሦስቱም ላይ ሰቅለዋታል።

እናቴ ለማኝ አይደለችም። እናቴ የእድራችን ወጥ ሠሪ ናት። እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ በሰፈራችን ሰው ሲሞት ለቀስተኛው የሚበላው የእሷን ወጥ ነው። ድስቱ ሥር ለመቆም ማንም አይከፍላትም፣ ማንም አያዛትም። ሴቶቹ ሽንኩርት ከትፈው፣ እሳት አንድደው፣ በርበሬው የሚገባበትን ሰዓት እሷ እስክትነግራቸው ይጠብቃሉ። ለእሷ ሹመቷ ይህ ነበር።

ከምግብ ቤቱ ጋር የተገናኘነውም በዚሁ ወጥ ነው። በየበዓሉ ለአረጋውያን ማዕድ ያጋራሉ። ታዲያ የእነሱ ምድጃ ለበርገርና ለፒዛ ነው እንጂ ያን ሁሉ ሰው የሚያጠግብ ቀይ ወጥ አይችልም። ስለዚህ ከእድራችን ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ጎላ የምንላቸውን ትልልቅ ድስቶች ይዋሳሉ። ከድስቶቹ ጋር ሴቶቹ ይመጣሉ፤ ከሴቶቹ ፊት ደግሞ እናቴ። ሥጋውና ሽንኩርቱ የእነሱ ነው፣ እጁ የእኛ።

ለአዲስ ዓመት፣ ጳጉሜ ላይ በእድሩ ግቢ ሲዘጋጅ እኔም ነበርኩ። ባለቤቱ ካሜራ አስከትሎ መጣ። ጭልፋ አነሳና ከጎላው ጨልፎ «እማማ፣ ጨው በቅቶታል?» አላት። እናቴ መዳፏን ዘረጋች። ጠብ አደረገላት። ላስ አደረገችና «ትንሽ ይቀረዋል» አለችው። ሌላ ምንም አልተደረገም። ወጥ በመዳፍ ነው የሚቀመሰው፤ ይህን ፎቶ አንሺው ያውቃል፣ ባነሩን የሠራውም ያውቃል። በእናቱ ማጀት መዳፉን ዘርግቶ ያልቀመሰ ማን አለ? እያወቁ ነው ጎላውን ከፎቶው ላይ ቆርጠው ያወጡት። ሽርጧንም ቆርጠውታል። ጎላውና ሽርጡ ሲወጡ የቀረችው እጇን የዘረጋች አንዲት አሮጊት ናት።

በነጋታው ለቡ ያለው ቢሯቸው ሄድኩ። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዋ ጥፍሯን በደንብ የተሠራች፣ ድምጿ ለስላሳ ልጅ ናት። ማኪያቶ አዘዘችልኝ፤ አረፋው ላይ ልብ ሥለውበታል።

«ባነሩ ላይ ያለችው እናቴ ናት። ወጥ እየቀመሰች ነው» አልኳት።

«ገብቶኛል እህቴ። ግን ፎቶው እኮ በጣም ስሜት ይነካል። ስንት ሰው እሱን አይቶ ነው የለገሰው።»

«አውርዱልኝ።»

«ዘመቻው የሚዘጋው በገናው ማዕድ ስለሆነ እስከዚያ አይወርድም። ደግሞ ለበጎ ነገር ነው የዋለው። እናትሽ ደስ ሊላቸው ይገባል።»

ማኪያቶውን ሳልነካው ወጣሁ። በሩ ላይ ስደርስ «ቆይ ብቻ» አልኩ፤ ለማንም አልነበረም፣ ለራሴ ነው።

ለእናቴ አልነገርኳትም። በዚያ መንገድ እንዳታልፍ የማላመጣው ሰበብ አልነበረም፤ መድኃኒቷን እኔ አመጣለሁ፣ ዘመድም እኔ እጠይቃለሁ። ሳምንት ያህል ተሳካልኝ። ከዚያ አንድ ቀን ብቻዋን ጀሞ ሄዳ ኖሮ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማ ሳለች አንዲት ደህና የለበሰች ሴትዮ ተጠግታ እጇን ያዘቻት፤ «አይዞዎት እማማ፣ ፎቶዎትን አይቼዋለሁ» ብላ አሥር ብር መዳፏ ላይ አስቀምጣላት ሄደች። እናቴ የምን ፎቶ እንደሆነ አልገባትም። ሰልፉ ላይ የነበሩት ሰዎች ናቸው ከመንገዱ ማዶ ያሳዩዋት።

ቤት ስትገባ ብሩን ጠረጴዛው ላይ አደረገችው። «ታውቂ ነበር?» አለችኝ። አዎ አልኳት።

ጥቅምት ላይ ጎረቤታችን አረፉ። ሴቶቹ ሊጠሯት ሲመጡ ጉልበቴን አሞኛል ብላ መለሰቻቸው። ጉልበቷ ደህና ነው፤ ከእኔ ይሻላል። ልቅሶውን ልትደርስ ስትሄድ አብሬያት ነበርኩና አየሁ፤ ሰው ሲጨብጣት ግራ እጇን ትሰጣለች፣ ቀኙ ነጠላው ሥር ነው። የዚያን ቀን ወጡ በርበሬው በደንብ ያልበሰለ ነበር። እሷም አንዴ ቀምሳ ሳህኗን አጠገቧ አስቀመጠች። እኔ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ከድስት ሥር ያልጠፋች ሴት እንግዳ ሆና አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሳያት የምግብ ቤቱን ባለቤት ነጭ ሸሚዝ በጥርሴ መቅደድ አማረኝ።

ምን ላድርግ እያልኩ ስብሰለሰል ታኅሣሥ ላይ መላው በገዛ እግሩ መጣልኝ። የእድሩ ጸሐፊ እኔ ነኝ፤ ጽሕፈትሽ ያምራል ብለው ነው የመረጡኝ። የእድሩ ዕቃ ያለ እኔ ፊርማ አይወጣም፤ የዕቃ ቤቱም ቁልፍ እኔ ጋ ነው። ሰብሳቢያችን ጋሼ የነበራቸውን ትርፍ ቁልፍ ከጣሉት ቆይተዋል። ምግብ ቤቱ ከገና በኋላ ባለው ቅዳሜ ማዕድ ስለምናጋራ ዕቃውን አውሱን ብሎ ደብዳቤ ጻፈ። መጨረሻው ላይ «እናትየዋም ቢገኙልን፤ ሕዝቡ ለምዷቸዋል» የሚል መስመር ነበረበት። ያችን መስመር ሦስት ጊዜ አነበብኳት።

እምቢ ማለት እችል ነበር። እምቢ ብል ግን ሌላ ቦታ ይፈልጋሉ። ስለዚህ በሚያምረው ጽሕፈቴ እሺ ብዬ ጻፍኩ። ዕቃውም ሴቶቹም ዝግጁ ናቸው፣ ሥጋውን ማለዳ ወደ ግቢው ላኩት፣ ብዬ ማኅተም መታሁበት። እነሱም እንግዶች ጠሩ፤ ጋዜጠኛም ጠሩ። እኔ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም፤ ለጋሼም፣ ለሴቶቹም፣ ለእናቴም።

ቅዳሜ ጠዋት ቁልፉን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ፣ ስልኬን ዘግቼ፣ ፉሪ ሄድኩ። ፉሪ ማንም የለኝም፤ የመረጥኩትም ለዚያ ነው። አዲስ ከተሠሩት ሕንፃዎች በአንዱ ሥር ጁስ ቤት አገኘሁና አቮካዶ አዘዝኩ። ውሸት ምን ያደርጋል፣ እንደዚያ ቀን ጣፍጦኝ አያውቅም። በየማንኪያው አንድ አንድ ነገር አስባለሁ። አሁን ሥጋው ደርሷል። አሁን ሴቶቹ በተቆለፈው በር ፊት ቆመዋል። አሁን ያቺ ለስላሳ ልጅ አርባ ጊዜ ደውላለች። አሁን ባለቤቱ ከጋዜጠኛው ጋር ከመኪናው ወርዶ እሳት ያልነደደበት ግቢ ያያል። ሁለተኛ አቮካዶ አዘዝኩ። ስለ አረጋውያኑም አሰብኩ፤ ላላሰብኩ አልልም። አንድ ቀን ምሳ ቢቀርባቸው አይሞቱም ብዬ አለፍኩት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኬን ከፈትኩ። ያመለጡኝ ጥሪዎች ተደርድረዋል፤ ጋሼ፣ ልጅቷ፣ እንደገና ጋሼ። አንደኛው የእናቴ ነበር። እናቴ ስልክ የምትደውለው ሰው ሲሞት ብቻ ነው። ተነሥቼ ታክሲ ያዝኩ።

ግቢው ስደርስ መጀመሪያ ያየሁት ጭሱን ነው። የዕቃ ቤቱ ጓጉንቸር ተሰብሮ መሬት ወድቋል። አረጋውያኑ በአጥሩ ጥግ ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ ብዙዎቹ ማዕድ አለ ተብለው ከጠዋት ጀምሮ ቁርስ ሳይቀምሱ የመጡ ናቸው። አንዲት ሴትዮ ፌስታል አንጥፈው ግድግዳውን እንደተደገፉ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። መጠበቅ ያቃታቸው ተመልሰዋል። መሃል ላይ፣ ጎላው አጠገብ፣ እናቴ ሽርጧን ታጥቃ ቆማለች።

የሆነውን ሴቶቹ ነገሩኝ። እኩለ ቀን ላይ ከመካከላቸው አንዷ ሄዳ ሰዎቹ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው እንደቀሩ ስትነግራት ነጠላዋን እንኳ ሳታስተካክል መጣች። ጋሼን መጥረቢያ አስመጥታ ጓጉንቸሩን አስሰበረች። ባለቤቱ ላቡን እየጠረገ ሊያመሰግናት ሲቀርብ ቀድማ ተናገረች።

«ሽንኩርቱ ድስት ሳይገባ ፎቶዬ ይውረድ።»

«እማማ፣ እውነቴን ነው፣ ፎቶውን የመረጥኩት እኔ አይደለሁም» አላት።

«የሰቀልከው ግን አንተ ነህ።»

ሰውየው እዚያው ቆሞ ለሦስቱም ቅርንጫፎች ደወለ። አውርደው ፎቶ አንሥተው እስኪልኩለት ድረስ እሷ እሳቱን ብቻ ስታይ ቆየች። ከዚያ በዚያ ሁሉ እንግዳና በጋዜጠኛው ፊት ተንበርክኮ ጉልበቷን ሳመ። «ይቅር ብዬሃለሁ» አለችው፤ «በል አሁን እጅጌህን ሰብስብና ውሃ አምጣ።»

ይህ ሁሉ ሲሆን እኔ የለሁም። ሦስት ወር የተመኘሁት ነገር አቮካዶ ስጠጣ አመለጠኝ። ሰውየው በዚያ ሸሚዙ ጀሪካን ተሸክሞ ሲያልፍ አየሁት፤ ሸሚዙ ጠቁሯል። ሊያስደስተኝ ይገባ ነበር፣ ትንሽም አስደስቶኛል። ግን አልበቃኝም። እንዴት እንዲህ በቀላሉ ይቅር ትለዋለች ብዬ በገንኩ።

ወደ እናቴ ሄጄ ማማሰያውን ልቀበላት እጄን ሰደድኩ።

«ተይው» አለችኝ።

«እማዬ፣ እኔ እኮ ለአንቺ ብዬ ነው።»

ዘወር ብላ እንኳ አላየችኝም። ድምጿንም ከፍ አላደረገችም። «የተራበ ሰው ፀሐይ ላይ አስቀምጠሽ ለእኔ? እሱ እኔን አላወቀኝም። አንቺ ታውቂኛለሽ።»

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ሰው ሁሉ በልቶ ጠገበ። በእድራችን ደንብ ወጥ የሠሩት መጨረሻ ላይ አንድ ትሪ ከበው አብረው ይበላሉ፤ ማን እንደሚቀመጥ የምትጠራው እናቴ ናት። ሴቶቹን አንድ በአንድ ጠራች። ጋሼን ጠራች። ቀጥላ ባለቤቱን ጠራችው። እጁን ታጥቦ መጣ፤ ጠቅልላ አጎረሰችው። እኔ በሩ ላይ ቦርሳዬን እንዳንጠለጠልኩ ቆሜያለሁ። ትሪው ላይ ቦታ ነበረ። እኔን አልጠራችኝም።

በሚቀጥለው ሰኞ ማኅተሙን ለጋሼ አስረከብኩ፤ ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም ደግሞ ተይ አላለኝም። ያንን ሰው ዛሬም ይቅር አላልኩትም። በምግብ ቤቱ ደጃፍ ታክሲ ሲቆም ፊቴን ወደ ሌላው መስኮት አዞራለሁ፤ ቢከስር ደስ ይለኛል። እናቴ ግን ሽርጧን መልሳ ታጥቃለች፤ ቀኝ እጇንም ለሰው ትሰጣለች። ያንን ሳይ በእውነት ደስ ይለኛል፤ ይህን የመለሰላት የእኔ በቀል አለመሆኑ ነው የሚቆጠቁጠኝ።

ባለፈው እሑድ ለፋሲካው ማዕድ ነጭ ሽንኩርት ልትልጥ ሳሎን ተቀምጣለች፤ ማዳበሪያ ሙሉ ነው። ቢላ ይዤ አጠገቧ በርጩማ አስጠጋሁ።

«ላግዝሽ» አልኳት።

«ተይው፣ ሰው አለኝ» አለችኝ።

ቤት ውስጥ ከሁለታችን በቀር ማንም አልነበረም።