መስታወቱ ውስጥ ያለው እጅ

ጸጉር አስተካካዩን ሰፈሩ «መቀሱ» ብሎ ነው የሚጠራው። ስሙን ማን እንዳወጣለት ባይታወቅም ምክንያቱን ሁሉም ያውቀዋል። ጸጉር ሲቆርጥ መቀሱን አየር ላይ ሳይቀር ቀጭ ቀጭ ማድረግ ይወዳል፤ መቀሱ ሲያርፍ ደግሞ ምላሱ ይቀጥላል። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሳይነካ የተነሳ ደንበኛ የለም። የአንዱን ጆሮ ትልቅነት፣ የሌላውን ከአማቱ ጋር አለመስማማት እያነሳ ሲያስቅ ይውላል። ደንበኞቹም ተሰድበው፣ ከፍለው፣ አመስግነው ይወጣሉ። በሥራው ግን ቀልድ አያውቅም። አንገት ላይ አንዲት ጸጉር ቀርታ ካየ በር ላይ የደረሰውን ሰው እንኳ ጠርቶ ያስቀምጠዋል።

ሱቁን ከሸሪኩ ጋር ነበር የያዘው። ሸሪኩ «መላጣው» ይባላል። መላጣ ጸጉር አስተካካይ ብዙም የሚያስተማምን ነገር አይደለም። መቀሱ ግን «ምላስ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ? የመጀመሪያው እኔ ነኝ፣ ሁለተኛው እሱ» እያለ ነገሩን በሳቅ ያልፈው ነበር።

አንድ ቀን ሱቁ ሊዘጋ ሲል ከመስታወቱ በላይ ያለው አምፖል ተቃጠለ። ከጎረቤት ሱቅ መሰላል መዋስ ይቻል ነበር። መቀሱ ግን መጠበቅ የሚባል ነገር አልፈጠረበትምና የደንበኛው ወንበር ላይ ወጣ። ወንበሩ የሚሽከረከር ነው። በዚያ ወንበር ሠላሳ ዓመት ሰው ሲያዞር የኖረ ሰው ይህን እንዴት ይረሳል? ረሳ። ወንበሩ ዞረ፣ እሱ ወደቀ፣ አንገቱ ከማጠቢያው ጠርዝ ጋር ተላተመ። ከዚያ ወዲህ ትከሻውን ትንሽ ከመስበቅ በቀር ከአንገቱ በታች ያለው አካል አልታዘዝ አለው። እጁ እንደ ሌላ ሰው እጅ ጭኑ ላይ ተጋድሞ ይውላል። ሐኪሙ «ንግግሩ አልተነካም» ሲላት ሚስቱ «እሱንማ ምን ይነካዋል!» ብላ እያለቀሰች ሳቀች።

ሚስቱ የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ነበረች። ሥራዋን ትታ አጠገቡ ተቀመጠች። ሲጠማው ታጠጣዋለች፣ አፍንጫውን ሲበላው ታክለታለች፣ ዝንብ ፊቱ ላይ ሲያርፍ እሱ ሳይጠራት ትደርሳለች። ጢሙን እንኳ እሷ ናት የምትላጨው፤ እሱም ሙያው ነውና ከዚህ እስከዚያ ሲያርማት፣ ሲነታረኩ፣ አገጩ ተቆርጦ ያርፋል። ሰው ለመቅጠር አቅማቸው አይፈቅድም። ጎረቤትም አንድ ቀን ሁለት ቀን እንጂ ዕለት ዕለት አይጠየቅም። እንዲህ እያሉ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ሆነ።

አንድ ቀን የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህርት ደወለችላት። ሚስትየው ስልኩን ይዛ ወደ ወጥ ቤት ገባች፤ በሩ ግን በደንብ አልተዘጋም ነበር። «ትምህርት እስኪከፈት ቦታሽን ልጠብቅልሽ፤ ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ሰው መቅጠሬ ነው» ተብላ ኖሮ፣ «አልችልም። ማን ያጠጣዋል?» ስትል መቀሱ ሰማ። ከዚያ ቧንቧው ተከፈተ። የሚታጠብ ዕቃ እንዳልነበረ ያውቃል። ውሃው ለብዙ ጊዜ ሲፈስ አዳመጠና፣ በዚያች ሰዓት ሌላ ምንም ነገር እንደማይፈልግ ወሰነ፤ እሷ ወደ ሥራዋ ትመለስ እንጂ።

የሮቦት ክንዱ ነገር የመጣው በዚሁ ሰሞን ነው። የመቀሱን እጅና እግር እየመጣች የምታንቀሳቅስለት ፊዚዮቴራፒስት ነበረች ለአንድ የምርምር ተቋም ስለ እሱ የነገረችው። ከተቋሙ አንዲት ኢንጂነር ክንዱን በመኪና ጭና መጣች። ክንዱ ከተሽከርካሪ ወንበሩ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ተገጠመ፤ ክርን አለው፣ የእጅ አንጓ አለው፣ ሦስት ጣት አለው። መቀሱ ራስ ላይ ደግሞ ሽቦ የበዛበት ኮፍያ ይጠለቃል። ሰውየው እጁን ሊያንቀሳቅስ ሲያስብ አንጎሉ የሚሰጠውን ምልክት ኮፍያው ይቀበላል፣ ኮምፒውተሩ ይተረጉመዋል፣ ክንዱ ይታዘዛል። ብርጭቆው የት እንዳለ ክንዱ በራሱ ካሜራ ያያል። ከመቀሱ የሚፈለገው «ና»፣ «ተመለስ» እና «ቁም» ማለት ብቻ ነው፤ ያውም በአፉ ሳይሆን በሐሳቡ። ለሱ ዓይነት ሰው ይህ ራሱ ቅጣት ነው።

ኢንጂነሯ በመጀመሪያው ቀን ጸጉሩ ውስጥ ጄል መቀባት ስትጀምር ፊቱን አኮሳተረ።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?»

«ጄል ነው ጋሼ። ምልክቱ ከቆዳዎ ወደ ኮፍያው እንዲያልፍ ይረዳል።»

«ጄልማ ዕድሜዬን ሙሉ ቀብቻለሁ። ይሄ ሙጫ ነው ልጄ። ሱቄ ይዘሽው ብትመጪ ከበር ነበር የምመልስሽ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ልጅቷን ሥራዋን ታሠራታለህ ወይስ አታሠራትም?» አለች ሚስቱ።

ኢንጂነሯ ስቃ ሁኔታውን አስረዳች። ክንዱ አንድ ነው፤ ወረፋ የያዘ ሌላ ሰው አለ። ትምህርት ቤት ሊከፈት አካባቢ መቀሱ በራሱ ውሃ መጠጣት ከቻለ ክንዱ እዚሁ ይቆያል፣ ካልቻለ ለባለተራው ይሄዳል። ሚስትየው ቀኑን ስትሰማ ወደ መስኮቱ ዞረች። መቀሱም አየት አደረጋት።

ሥራው ተጀመረ። ስክሪኑ ላይ ቀስት ይታያል፤ ወደ ቀኝ ሲጠቁም ቀኝ እጁን፣ ወደ ግራ ሲጠቁም ግራ እጁን እንደሚያንቀሳቅስ ማሰብ አለበት። መቀሱ አሰበ። ላብ እስኪያጠምቀው አሰበ። ክንዱ ግን መንገድ እንደጠፋው ሰካራም ወደ መስኮቱ ይሄዳል፣ ግማሽ ላይ ይቆማል፣ ደግሞ ያለ ምክንያት ይመለሳል። ኢንጂነሯ ኮፍያውን አስተካከለች፣ ሽቦ ቀየረች፣ ጄል ጨመረች፣ ኮምፒውተሩን አጥፍታ አበራች። እየተመላለሰች ሞከረች፤ ለውጥ የለም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ጋሼ» ትለዋለች። «ይሄኛው እንቁላል የተቀቀለ ሳይሆን አይቀርም» ይላታል።

እሷ ፊት ይቀልድ እንጂ ስትሄድ ዝም ይል ጀመር። መቀሱ ዝም ካለ ደግሞ ነገር አለ ማለት ነው። ፈርቶ ነበር። የክንዱ መሄድ ብቻ አይደለም ያስፈራው፤ ወጥ ቤት ውስጥ የሚፈሰው ውሃ ነው። እናም ሚስቱ ወደ ገበያ በወጣችበት፣ ሊጠይቀው የመጣውን መላጣውን «ደውልልኝና ጆሮዬ ላይ ያዝልኝ» አለው። ለርእሰ መምህርቷም ፍርጥም ብሎ፣ «ትመጣለች። እኔ ባሏ ነኝ፣ ቃሌ ነው» አላት። መላጣው ስልኩን ሲዘጋ «እኔ የለሁበትም» አለ፤ የመቀሱን ሚስት ያውቃታላ።

ሚስትየው ነገሩን የሰማችው በማግስቱ ርእሰ መምህርቷ እንኳን ደስ አለሽ ብላ ስትደውልላት ነው። ስልኩን ዘግታ መጥታ ፊቱ ቆመች።

«ክንዱ አንድ ጉንጭ ውሃ ሳያነሳ አንተ እኔን ሥራ አስገባኸኝ? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!»

«ያነሳል።»

«ባያነሳስ? ሄጄ ልጆቹ ከለመዱኝ በኋላ ልተዋቸው? ሁለተኛ ልተው?» ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። «አንዴ የተውኩት ይበቃኛል።»

ሥራዋን በመተዋ እንደከፋት በአፏ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር። መቀሱ ይቅርታ ሊላት ፈለገ፤ አፉ ግን እምቢ አለው።

ኢንጂነሯ በቀጣዩ ቀጠሮ ስትመጣ ሁለቱንም ተኳርፈው አገኘቻቸው። ኮምፒውተሩን አልከፈተችም። ወንበር ስባ መቀሱ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ እስካሁን ማሽኑን ስጠይቅ ነው የከረምኩት። ዛሬ እርስዎን ልጠይቅ። እጅዎን ያስቡ ስልዎት ምን ያስባሉ?»

«እጄን ነዋ።»

«እንዴት አድርገው?»

«አየዋለሁ። መቀስ ይዟል። ከደንበኛው ጆሮ በላይ ያልፋል፣ ማበጠሪያው ላይ ያርፋል፣ ይቆርጣል።»

«ከየት ሆነው ነው የሚያዩት?»

«ከየት ማለት? ከመስታወቱ ነዋ!»

ሚስቱ ኩርፊያዋን ረስታ ቀና አለች። መቀሱም የተናገረውን ራሱ ሲሰማው ዓይኑን አፈጠጠ።

እውነቱ እንዲህ ነው። ጸጉር አስተካካይ ከደንበኛው ኋላ ይቆማል፤ ሥራውን የሚያየው ከፊት ባለው መስታወት ነው። መቀሱ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የገዛ እጁን ያየው እዚያ ውስጥ ነው። እጁን አስብ ሲባል ትዝ የሚለውም መስታወቱ ውስጥ ያለው ነጭ ጋውን የለበሰ ሰውዬ ነው። ያ ሰውዬ ይሠራል፤ መቀሱ ቆሞ ያየዋል። በዚህ መንገድ እስከ ዕለተ ሞቱ ቢያስብ ክንዱ አይታዘዘውም።

«ቀድሜ መጠየቅ ነበረብኝ» አለች ኢንጂነሯ። «እስካሁን አንጎልዎ የሚነግረን የሚያየውን ነው። እኔ የምፈልገው የሚያየውን ሳይሆን እጁ ላይ የሚሰማውን ነው። ሳያዩ በእጅዎ ብቻ የሚሠሩት ሥራ አልነበረም?»

መቀሱ አሰበ። ምላጩም፣ ማሽኑም፣ ማበጠሪያውም መስታወት ውስጥ ናቸው። ራሱን ነቀነቀ።

«የኔን ጸጉር ስታጥብስ?» አለች ሚስቱ ቀስ ብላ።

የሷን ጸጉር የሚያጥብላት እሱ ነበር፤ ሌላ ባለሙያ ጋ ሄዳ እንደሆነ ያኮርፋል። በዕረፍት ቀን መታጠቢያ ቤት ገንዳው ላይ ጎንበስ ትልለታለች። እዚያ መስታወት የለም። እሱም ግድግዳ ግድግዳውን እያየ የሰው ወሬ ያወራላታል፤ ቀኝ እጁ አረፋው ውስጥ ይዞራል፣ ግራ እጁ ውሃ ዓይኗ እንዳይገባ ግንባሯን ይደግፋል። ጣቶቹ የራስ ቅሏን በቃላቸው ያውቁታል፤ ከጆሮዋ ኋላ በልጅነቷ ወድቃ የተረፈላት ጠባሳ የት እንዳለ ሳይቀር።

ዓይኑን ጨፈነ። ኢንጂነሯ ኮፍያውን አጥልቃ፣ ኮምፒውተሩ የተማረውን ሁሉ ሰርዛ ከመጀመሪያው ጀመረች። ለክንዱ «ና» ማለት ቀኝ እጅ ሆነ፣ አረፋው ውስጥ የሚዞረው። «ተመለስ» ማለት ግራው፣ ግንባሯን የሚደግፈው። «ቁም» ማለት ሁለቱንም ማሳረፍ። የዚያን ዕለት ክንዱ ወደ ብርጭቆው ሄደ፤ አልያዘውም፣ ግን ወደ መስኮቱ አልሄደም። በሚቀጥለው ያዘው። ከዚያ አነሳው። ማሽን አንዴ ከገባው በኋላ አይረሳም፤ ከብዙ ሰው በዚህ ይሻላል።

ወሳኙ ቀን ሲደርስ መላጣውም መጥቶ ጥግ ላይ ቆመ። ክንዱ እየዘገየ፣ እየቆመ፣ ብርጭቆውን አንስቶ ወደ መቀሱ አፍ አመጣ፤ መቀሱም ውስጡ የቆመውን የመጠጫ ቀሰም በከንፈሩ ያዘና ጠጣ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሰው ሳይጠይቅ የጠጣው የመጀመሪያ ውሃ ነው። ሚስቱ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ አለቀሰች። መላጣውም አለቀሰ።

«ውሃው ሞቋል» አለ መቀሱ። እሱም ግን ዓይኑ ሞልቶ ነበር።

ትምህርት በተከፈተበት ጠዋት ሚስቱ ጄሉን ቀባችው፣ ኮፍያውን አጠለቀችለት፣ ብርጭቆውን ሞላች። ስልኩንም በድምፁ እንዲደውል አድርጋ አጠገቡ አቆመችለት። በር ላይ ደርሳ ተመለሰችና ትራሱን አስተካከለች። ደግሞ ወጣች፣ ደግሞ ተመለሰች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ልጆቹ ሊያረጁ ነው!» አላት።

ሄደች። ቤቱ ውስጥ ብቻውን ቀረ። መጀመሪያ ፍርሃት ቢጤ ወረረው፤ ዝንብ አርፋበት እስክትሄድ በትዕግሥት ጠበቃት። ሲጠማው ጠጣ። ሁለተኛውን ሲጠጣ ግን የውጭ በር ሲንኳኳ ሐሳቡ ተበተነና ብርጭቆው ደረቱ ላይ ተገለበጠ። ውሃው እስከ ሆዱ ወረደ። ስልኩን አየው። አልደወለም።

ሚስቱ ከሰዓት በኋላ ገባች። ቦርሳዋን ሳታወርድ ሸሚዙን ዳሰሰችና ደነገጠች።

«እንዲህ ረጥበህ ነው የዋልከው? ለምን አልደወልክልኝም?»

«ይደርቃል ባክሽ። ተቀመጪና ንገሪኝ፤ ዛሬ ምን ተፈጠረ?»

«ልብስህን ልቀይርልህ መጀመሪያ።»

«መጀመሪያ ንገሪኝ።»

ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የናቱን ቀሚስ አልለቅም ብሎ በር ላይ ስለተጎተተው፣ ጫማውን አውልቆ ለጓደኛው ስለሰጠው፣ «አንቺ ያረጀሽ ነሽ፣ ሌላ አስተማሪ አምጡልኝ» ስላላት ሕፃን ነገረችው። እሱ በየመሃሉ እየገባ ይተርባል፤ እሷ «አስጨርሰኝ!» ትለዋለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ከጠዋት እስከ ማታ አብረው ሲውሉ፣ እሱ የማያውቀው አንድም ነገር ነግራው አታውቅም ነበር።