ሁለተኛው ስግደት

ኮረብታው ስም አልነበረውም። ካርታው ላይ ቁጥር ነበረው፤ እኛም በቁጥሩ ጠራነው። የአገሩ ሰው የሚጠራበት ስም ሳይኖረው አይቀርም፤ ግን አገሬው ሸሽቶ ስለነበር የሚነግረን አላገኘንም። ዛሬ መሐል ሜዳ ከተማ ያሉ ተማሪዎች «አባባ፥ ኮሪያ ምን ይመስላል?» ሲሉኝ የምነግራቸው ይህንኑ ኮረብታ ነው። ሌላውን አላየሁትም። ሰው አገር ዘምቼ ያየሁት ጭቃ፣ ምሽግና ያ ኮረብታ ነው ብል አልዋሸሁም።

ትእዛዙ የመጣው ከሰዓት በኋላ ነበር። የመቶ አለቃችን ሰብስቦን፣ ጎህ ሲቀድ ጫፉ ላይ ያለውን ምሽግ እንደምንይዝ ነገረን። ንግግር አላበዛም። ቀጥሎ እያንዳንዳችንን፣ ክፉ ቢገጥመን መርዶው ለማን እንዲነገር እንደምንፈልግ ጠየቀን። የሠራዊቱ ደንብ ይሁን የራሱ ልማድ እስካሁን አላውቅም። አባት ያለን አባታችንን፣ የሌለን አጎታችንን ጠራን። ወንድይፍራው ተራው ሲደርስ «ለእህቴ ንገሯት» አለ። «ለአባቴ አትንገሩት።»

ወንድይፍራው የግሼ ልጅ ነው፤ የራቤል። እኔ የመንዝ። እዚህ ቢሆን በገበያ ተያይተን የምናልፍ ሰዎች ነን፤ በሰው አገር ግን ያ የሥጋ ዝምድና ሆነ፤ ከአንድ ቆርቆሮ በልተናል። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ አፉን በመዳፉ የሚሸፍን ሰው ነበር።

የመቶ አለቃው «አባትህ በሕይወት አሉ?» አለው።

«አሉ።»

«ታዲያ?»

«ለእህቴ» አለ፤ በቃ። አባቱን በስተርጅና ማሳዘን አልፈለገም ብለን ደመደምን። እንዲያውም አንዱ «አይ የአባት ፍቅር!» ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

ሰማዩ ሊገልጥ ሲል ተነሳን። ዝናብ ሲዘንብ አድሮ ነበር። ሽቅብ ስንወጣ ጭቃው ጫማችንን ይጎትተዋል። እስከ ኮረብታው ወገብ ድረስ ማንም አልተኮሰብንም። ከዚያ መትረየሳቸው ከግራ ተከፈተ። ተኛን። መድፋችን ከኋላ ደገፈን፤ ተነሳን። እንደገና ተኛን። የመጀመሪያውን ምሽግ በእጅ ቦምብ ያዝነው። ሁለተኛው ላይ ነገሩ ሳንጃ ለሳንጃ ሆነ፤ ስለ እሱ የምለው የለኝም፤ ለልጆቹም ነግሬያቸው አላውቅም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጫፉ የእኛ ነበር። ሞርታራቸው ግን አልተወንም። ወንድይፍራው የተመታው ያኔ ነው፤ ውጊያው አልቆ፣ የውኃ ኮዳውን ሲከፍት። «ውኃዬ ፈሰሰ» አለኝ። ሌላ ቃል አልተናገረም።

ሻለቃችን ሬሳ ለጠላት ትቶ አይወርድም ነበር። ይህን ሲያወሩ የሚኮሩ አሉ፤ እኔ የማስታውሰው ክብደቱን ነው። ቃሬዛው አልበቃንም። ጥይትና ውኃ የሚያወጡልን የአገሩ ተሸካሚዎች ነበሩ፤ መንታ እግር ያለው የእንጨት መሸከሚያ በጀርባቸው አዝለው ያን ዳገት ይወጡታል። ከእነሱ አንዱ፣ አባቴን የሚያህል ሽማግሌ፣ ጥይቱን አራግፎ ወንድይፍራውን አዘለልኝ። እኔ ከኋላ እግሩን እየደገፍሁ ወረድን። ሽማግሌው አንድ ጊዜም አላረፈም።

ታች ስንደርስ ብርድ ልብስ ላይ አጋደምነው። ሽማግሌው እጁን በሱሪው ጠራረገ፣ ከሬሳው እግር በኩል ቆመ፣ ተንበርክኮም ግንባሩን መሬት አስነካ። ተነሳ። ደግሞ ሰገደ። ከእኛ አንዱ ተቆጣ፦ «ለሬሳ ይሰገዳል እንዴ? ስግደት ለፈጣሪ ነው!»

«ተወው» አለ የመቶ አለቃው። «በአገሩ ወግ ለቅሶ መድረሱ ነው።»

ሽማግሌው እኛን አላየንም። መሸከሚያውን አዝሎ ወደ ላይ ተመለሰ፤ ሌሎች ሬሳዎች ይጠብቁት ነበር። ስሙን አልጠየቅሁትም። በምን ቋንቋ እጠይቀዋለሁ?

ተመለስን። በንጉሡ ጊዜ ሜዳሊያችንን አንጠልጥለን በዓል አከበርን። በደርግ ጊዜ ያንኑ ሜዳሊያ ገብስ ጎተራ ውስጥ ደበቅነው፤ የተዋጋናቸው ሰዎች የመንግሥት ወዳጆች ሆነው ተገኙና። ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ደግሞ የተዋጋንለት አገር እንዴት እንደበለጸገ በሬዲዮ ሰማን። እኛ ይህን የምንሰማው በግ እየጠበቅን ነው። በእግዚአብሔር ሥራ ማማረሬ አይደለም። ትንሽም ማማረር ነው፤ ለምን እዋሻለሁ።

ሚራ መሐል ሜዳ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። የገጠር ምንጭ ከሚያጎለብቱ ሰዎች ጋር የመጣች የውኃ መሐንዲስ ነበረች፤ ሠላሳ ዓመት ቢሞላት ነው። ልጄ አስናቀች የእንግሊዝኛ መምህርት ስለሆነች ታስተረጉምላት ነበር። አንድ ቀን «አባባ፥ ኮሪያዊት መጥታለች» አለችኝ። ኮቴን ለበስሁ፣ ሜዳሊያዬን ደረቴ ላይ አደረግሁ፣ ቢሮዋ ድረስ ሄጄ በሩ ላይ በወታደር ደንብ ሰላምታ ሰጠኋት።

ልጅቱ ከወንበሯ ተነሳች፤ ፊቷ ግን ጠቆረ። አስናቀች ተረጎመችልኝ፦ «እኔ ጀርመን ተወልጄ ጀርመን ያደግሁ ነኝ። ኮሪያዊት አይደለሁም። እባክዎ እንዲህ አያድርጉልኝ።» አክብሮቱን የጨመረችበት ልጄ ትመስለኛለች።

ጉዳዬ አንድ ነበር። የወንድይፍራው ታላቅ እህት፣ እማሆይ ወለተ ማርያም፣ ራቤል በሕይወት አሉ። በእኛ አገር ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ባለዕዳ ነው። ሃያ ዓመት ቢቆይ፣ ባሕር ማዶ ቢከርም፣ የመጣ ቀን ይደርሳል፤ ሐዘኑም ያን ቀን እንደ አዲስ ይለቀሳል። እማሆይ ባገኘኋቸው ቁጥር «ከሞተላቸው ሰዎች አንድ እንኳ ለቅሶ አልደረሰኝም» ይሉኛል። ዓይናቸው ጠፍቷል፤ ጉልበታቸውም አልቋል። ሳያልፉ፣ ከዚያ አገር የሆነ አንድ ሰው ደጃቸው ላይ እንዲቆም ፈለግሁ። ልጅቱ የት ተወለደች የት አደገች ለእኔ ቁም ነገር አልነበረም፤ ደሟ የዚያ አገር ነው፤ ዕዳው ደግሞ በደም ይወረሳል። እኛ የምናውቀው እንዲህ ነው።

ይህን ሁሉ ነገርኋት። የሽማግሌውንም ስግደት ነገርኋትና ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅሁ። ሳቀች፤ ደስ የማይል ሳቅ።

«ለሞተ ሁለት ጊዜ ነው፤ በሕይወት ላለ አንድ ጊዜ» አለች። «አባቴ ጀርመን የመጣው ማዕድን ሊቆፍር ነው። በየበዓሉ የአያቶቹን ፎቶግራፍ ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ ያሰግደን ነበር። እናቴ ነርስ ናት፤ ሆስፒታል ስትሠራ ውላ ለሙታኑ ምግብ ታበስላለች፤ ስግደቱ ላይ ግን ከወንዶች ልጆቿ ኋላ ነው የምትቆመው። እኔ ሳህኔ ላይ ምግብ ካስተረፍሁ ዱላ፣ በፈተና ሁለተኛ ከወጣሁ ዱላ። እየመታኝ ምን እንደሚል ያውቃሉ? ‹ከድሃ አገር የመጡ ወታደሮች ሞተውልሽ!› ይለኝ ነበር። እኔ የተገረፍሁት በእናንተ ሙታን ነው።»

አስናቀች ይህን ተረጎመች። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃት ወደ እኔ ዞረች። «አባባ፥ ይሄን እኔም አውቀዋለሁ» አለችኝ። «ትምህርት ቤት ባረፈድሁ ቁጥር ያ ኮረብታ ይመጣብኝ ነበር።»

«በእንግዳ ፊት!» ብዬ ወጣሁ። ሜዳሊያዬ ደረቴ ላይ ሲንቃጨል እስከ ገበያው ድረስ ተሰማኝ። ለሳምንታት ሁለቱንም አላነጋገርኋቸውም። ያን ሁሉ ልጅ በጀርባችን ያወረድነው አንድ ማዕድን ቆፋሪ ልጁን እንዲደበድብበት ኖሯል? መራራ ነገር ነው፤ እስካሁን ምላሴ ላይ አለ።

ክረምቱ ሲወጣ ልጅቱ ራቤል ምንጭ የምታይበት ሥራ ገጠማት። በአስናቀች በኩል ላከችብኝ፦ «ሴትዮዋን አያቸዋለሁ። ግን አልሰግድም፤ አላለቅስምም።»

«እሺ በያት» አልሁ። ሳያለቅስ ለቅሶ የሚደርስ ሰው አይቼ አላውቅም ብዬ በሆዴ አጉረመረምሁ።

ከአስናቀች ጋር ሦስታችን መኪና እስከሚሄድበት ሄደን ከዚያ በፈረስ ሆንን። ጓሳ የምንለው ደጋ ሣሩ ጉም ለብሷል፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ልጅቱ ፈረስ ስለምትፈራ ልጓሙን እኔ ያዝሁላት፤ ተቀያይመናል፣ ቢሆንም ከፈረስ ትውደቅ አይባልም። ይህ ሁሉ ሣር የማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ድሮ አገሩን ያቀኑት አባቶች ዘር ብቻ ነበር ለቤት ክዳን የሚያጭደው፤ አባቱን ቆጥሮ እነሱ ዘንድ ያልደረሰ አንድ እፍኝ አይቆርጥም ነበር አልኋት።

«ታዲያ የእኔ ቤት ሳይከደን ይቀር ነበራ» አለች። ሳላስበው ሳቅሁ።

እማሆይ ደጅ ስንደርስ ጎረቤቱ ተሰብስቧል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። እማሆይ በሰው ተደግፈው ወጡ። አንዲት አልቃሽ የወንድይፍራውን ስም ጠርታ ሙሾ ጀመረች፤ ሌሎቹ ተቀበሏት። የሁሉም ዓይን ልጅቱ ላይ ነው። የእሷ ዓይን ደረቅ ነው። ሙሾው እየሳሳ ሄዶ ቆመ። እኔ በሐፍረት መሬት መሬት አየሁ።

ልጅቱ ስትናገር አስናቀች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተረጎመች፦ «እማሆይ፥ እኔ ወንድምዎን አላውቀውም። ለማላውቀው ሰው ማልቀስ አልችልም። እንዴት እንደሞተ ሰምቻለሁ። ምን ዓይነት ልጅ እንደነበረ ይንገሩኝ።»

እማሆይ ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ተቀመጡ። «ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም» አሉ።

ከዚያ አወሩ። ወንድይፍራው እርሻ ይጠላ ነበር። ዜማ ይወድ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ተቀምጦ ሲሰማ ይውላል፤ ድጓ ልማር ብሎ ለመነ። አባታቸው «ርስቴን ማን ይይዛል? የአያቶችህን ሞፈር ማን ይጨብጣል?» እያሉ በጅራፍ ከቅጥሩ ሥር ያመጡታል። ሰንበሩ ጀርባው ላይ ነበር፤ ቅቤ የሚቀቡት እማሆይ ነበሩ።

«አንድ ቀን በሬዎቹን እንደተጠመዱ እርሻው መሐል ትቷቸው ሄደ» አሉ። «ኮሪያ የሚባል አገር መኖሩንም አያውቅ። ሲሰናበተኝ ‹ብሞት እንኳ ሞቴ ለአባታችን አይሁን› አለኝ። እኔን ነበር መርዶ ንገሩ ያላችሁ?»

«እርስዎን ነበር» አልሁ።

መርዶው ግን ወረዳ ሲደርስ ለአባትየው ነው የተነገረው። የልጁ ስም ቀጥሎ የአባቱ ስም አለ፤ እህትን ከአባት ማን ያስቀድማል? ያረዱት ሽማግሎች ያጠፉ አልመሰላቸውም፤ እኔም ብሆን ያው ነበር የማደርገው።

«ከዚያ ወዲያ አባታችን የጀግና አባት ተባሉ» አሉ እማሆይ። «በየድግሱ ከላይ ተቀመጡ። ታናናሾቼ ባጠፉ ቁጥር ‹ወንድማችሁ ለወግ ለማዕርግ ሞቶ!› እያሉ ገረፏቸው። ሸሽቷቸው የሄደውን ልጅ ሲሞት ያዙት።»

«አይ የአባት ፍቅር» የተባለው ትዝ አለኝ። ያን ነገር ከአርባ ዓመት በላይ በየሄድሁበት እንደ ምሳሌ ስናገረው ኖሬአለሁ።

አስናቀች በቀስታ ተረጎመችላት። ልጅቱ አቀርቅራ ሰማች። ከዚያ ማንንም ሳታይ ወደ እማሆይ ሄደች፤ ጭቃው ላይ ተንበርክካ ግንባሯን መሬት አስነካች። ተነሳች። ስለ ሽማግሌው ለጎረቤቱ ሁሉ ስንት ጊዜ አውርቻለሁና ሁላችንም ሁለተኛውን ጠበቅን። አልሰገደችም። እማሆይ እጃቸውን ዘርግተው ፊቷን ዳሰሱ።

«እርጥብ ነው» አሉን።

ስንመለስ ጓሳው ላይ አላስቻለኝም። ሁለተኛውን ለምን አስቀረሽው አልኋት።

«ሁለተኛው የሙታን ነው» አለች። «ለእነሱ ብዙ ተሰግዷል።»

አልወደድሁትም። የተሸከምኋቸው እኔ ነኝ፤ እሷ አይደለችም። ግን ልጓሙን ይዤ ፈረሷን መራሁ።

እማሆይ በሚቀጥለው ዐቢይ ጾም አረፉ። ልጅቱም ሥራዋን ጨርሳ ሄደች። ተማሪዎቹ አሁንም ክፍላቸው ይጠሩኛል፤ አስናቀች ከኋላ ቆማ ትሰማኛለች። ስለ ኮረብታው፣ ስለ ጭቃው፣ ስለ ሽማግሌው እነግራቸዋለሁ። ሞቱላችሁ የምትለውን ቃል ትቻታለሁ። ከመቶአችን በዚያ ጠዋት ሰባት ሰዎች ሞቱ፤ በስማቸው እጠራቸዋለሁ፤ እያንዳንዳቸው የት ላይ እንደወደቁ እናገራለሁ። ባለፈው አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «ምን ዓይነት ልጆች ነበሩ?» አለችኝ። ማን እንዳስጠናት ገብቶኛል።

«አንዱ ዜማ ይወድ ነበር» አልኋት። «የስድስቱን አላውቅም።»