ያልተወረሰው ስም

በደሴት ላይ ያለው የኤሬሶስ መንደር የሚኖረው በአንዲት የጥንት ባለቅኔ ስም ነው። ሆቴሉ በስሟ፣ መንገዱ በስሟ፣ የዓሣ ጀልባው ሳይቀር በስሟ ይጠራል። ሴት ለሴት ያላትን ፍቅር በግጥም የጻፈች ናትና ከሩቅ አገር ሴቶች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይመጣሉ። ሚርሲኒ የአይብ ቂጣ ትሸጥላቸዋለች፤ አብራቸውም ትስቃለች። ዞር ሲሉ የወደቡ ወንዶች ሲያሽሟጥጡባቸው ደግሞ ከእነሱም ጋር ትስቃለች። ምን ታድርግ፣ ከሁሉም ጋር መኖር አለባት።

አማቷም ያንኑ ስም ነው የያዙት። በአገሩ ልማድ የመጀመሪያ ሴት ልጅ የአባቷን እናት ስም ስለምትወርስ፣ ሚርሲኒ ሴት ስትወልድ የሕፃኗ ስም ማን ይሁን ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ክርስትናው ሲቃረብ የባሏ የስትራቲስ ያጎት ልጅ ከፒሬየስ ከተማ መጣና ሕፃኗን አቅፎ፣ «እንግዲህ ይቺም ባል አትፈልግም በሉኛ» አለ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሚርሲኒም ሳቀች። በዋዜማው ግን የሕፃኗን የክርስትና እናት አሜርሱዳን ጥግ አስይዛ፣ «ቄሱ ስሟን ሲጠይቁሽ ቫሲሊኪ በይ» አለቻት።

«አማትሽስ?»

«እኔ እነግራቸዋለሁ።»

አልነገረቻቸውም። አፈረች።

ስም ሲወጣ ልጆች ከቤተ ክርስቲያን ሮጠው ለአያት የምሥራች ይነግራሉ። አሮጊቷ በሽርጣቸው የለውዝ ከረሜላ ይዘው ደጅ ቆመዋል፤ ጎረቤቱም ከበዋቸዋል። «ቫሲሊኪ! ቫሲሊኪ!» አሉ ልጆቹ። አሮጊቷ ፈዘው ቀሩ። ከዚያ «እግዜር ያሳድጋችሁ» ብለው ከረሜላውን አደሉ። ከአጠገባቸው የቆመችው ሚርሲኒ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ግብዣው ሲበተን ሚርሲኒና አማቷ ማጀት ገብተው ሳህን ማጠብ ጀመሩ።

«እማዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። ሰው እንዳይስቅባት ብዬ ነው።»

«እኔስ ሲሳቅብኝ አይደል ያረጀሁት? ሐኪም ቤት ስሜን ስናገር ነርሷ አፏን ይዛ ትስቃለች። ይሄን ለልጅ ልጄ አልመኝም። ሌላ ስም አውጪላት ልልሽ ስንቴ አፌ ላይ መጥቶ ተመልሷል መሰለሽ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ?»

«አንቺ ልታከብሪኝ የፈለግሽ መስሎኝ፣ ቅር እንዳይልሽ ብዬ ነዋ።»

ሚርሲኒ ቀና ብላ ልታያቸው አልቻለችም።